አበልጅ ከተሞች

የጄኔቫና የዙሪክ ሐበሾች የተኳረፉት በቄስ ምክንያት ነው። በአካባቢው የነበሩት ቄስ አባ ወልደሥላሴ ብቻ ነበሩና፣ ፋሲካን የት ይቀድሱ በሚል ሁለቱ ማኅበሮች ሳይነጋገሩ ከረሙ። በ፲፱፻፸፰ መስከረም ላይ ግን የጄኔቫው ማኅበር ሰብሳቢ አቶ ኅሩይ አንድ ዘዴ አመጡ።

"አንድ የእንግሊዝና አንድ የጀርመን ከተማ በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ተጨራርሰው ሲያበቁ ዛሬ አበልጅ ሆነዋል" አሉ። "ልጆቻቸው አንዱ ሌላው ቤት እየሄዱ ይሰነብታሉ። እኛ እኮ በቦምብ እንኳ አልተደባደብንም።"

"ቦምቡ ጠፍቶን ነው እንጂ" አለ ቀልደኛው አስፋው።

ተሳስቀው፣ ዙሪኮቹም ሲስማሙ ዕጣ አወጡ። እያንዳንዱ የጄኔቫ ቤት አንድ የዙሪክ ቤት ደረሰው። ለጥሩወርቅ የደረሰቻት ዙሪክ ዳር ኦፕፊኮን የምትኖር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል የምትሠራ ፈትለወርቅ የምትባል ሴት ነበረች።

ጥሩወርቅ ካሩዥ በተባለው የጄኔቫ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቤት ከልጇ ከሂሩት ጋር ትኖራለች። ባሏን ንዋይን ደርግ ካሰረው ወዲህ ይኑር ይሙት አታውቅም፤ የእኔ የምትለው ያቺን ልጅ ብቻ ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ልጅ ለማታውቃት ሴት መስጠቱ አንጀቷን ቢበላትም፣ ማኅበሩን ማሳፈር አልፈለገችምና በጥቅምቱ የትምህርት ዕረፍት ለአንድ ሳምንት ላከቻት።

ከባቡሩ ተመልሳ የወረደችው ሌላ ልጅ ናት። ጸጉሯ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ በቀጫጭን ሹሩባ ተሠርቷል። ያቺ እናቷ ማበጠሪያ ስታነሣ አልጋ ሥር ትገባ የነበረች ልጅ!

"አላመመሽም?" አለቻት ጥሩወርቅ።

"ፈትልዬ ስትሠራኝ አያምም። ተረት ታወራለች።"

ከዚያ ወዲህ በቤቱ ሌላ ስም አልተጠራም። ፈትልዬ ድንች ስትጠብስ እንዲህ አድርጋ ነው። ፈትልዬ አትቆጣም። በፈትልዬ መስኮት አውሮፕላን ይታያል። ጥሩወርቅ "እሺ" ትላለች፤ ውስጧ ግን እንደ እርሾ ይቦካል።

አንድ ቅዳሜ "ይታጠብ" ብላ ሹሩባውን ፈታችው። አልቆሸሸም ነበር። ልጅቷ አላለቀሰችም። የተፈታውን ጸጉሯን በመዳፏ ይዛ፣ እናቷን በፈረንሳይኛ እየጠራች፣ "ማማን፣ መልሰሽ ትሠሪዋለሽ?" አለች። ጥሩወርቅ ሞከረች። ሁለት ጉንጉን እንኳ ሳትጨርስ ልጅቷ "አመመኝ" ብላ ከእጇ አመለጠች።

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የዚያ ወር ጽዋ ተራው የጥሩወርቅ ነው፤ የዙሪኮቹም ልጆቻቸውን ይዘው በእንግድነት ይመጣሉ። በዓሉ የዋለው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሁሉም ሥራ ላይ ነውና እንደ ልማዳቸው ማኅበሩን ወደ እሑድ አዛወሩት። ጥሩወርቅ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ፈትለወርቅ ዓይኗ እያየ ሂሩት የእናቷን እጅ እንድታመሰግን። ከፓኪስታናዊው ሱቅ ዶሮ ገዛች፣ ከጎረቤት በርበሬ ለመነች፣ ቅዳሜን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ ዋለች።

"እሷ ድንቿን ትጥበስ" አለች ለብቻዋ።

እሑድ እንግዶቹ ገቡ። ፈትለወርቅ ሞላ ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ከዙሪክ ድረስ በባቡር አቅፋ መጥታለች። ሂሩት ሮጣ ወገቧ ላይ ተጠመጠመችባት። ፈትለወርቅ የልጅቷን ራስ ስትዳብስ ሹሩባው የለም። ቀና ብላ ጥሩወርቅን አየቻት። ያ አስተያየት ጥሩወርቅን ከስድብ ይልቅ አቃጠላት።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ" አለቻት፣ እንደ ባዕድ አንቱ ብላ።

"ምነው እቴ፣ አንቱታው ለምኔ ነው? አበልጅ አይደለን?"

አባ ወልደሥላሴ ጸሎት አደረሱ፤ ጽዋው ዞረ። ጥሩወርቅ ድስቷን ጠረጴዛው መካከል አስቀምጣ ክዳኑን አነሣች። የዶሮው ሽታ ቤቱን ሞላው። ማንም እጁን አልዘረጋም።

"ልጄ፣" አሉ አባ ቀስ ብለው፣ "ዛሬ እኮ ኅዳር ዐሥራ አምስት ነው። ጾመ ነቢያት ገብቷል።"

ጥሩወርቅ ክዳኑን እንደያዘች ቀረች። ለሚካኤል ዶሮ ይሠራል ብላ ነበር፤ ሚካኤል ወደ እሑድ ሲዛወር ጾሙ እንደሚቀበለው ልብ አላለችም። ልቧ የነበረው አንዲት ሴት ላይ ነው። አቶ ኅሩይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የዙሪኮቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ይህ ወሬ ባቡሩን ቀድሞ ዙሪክ እንደሚገባ ታወቃት።

"የልጆቹ ነው እኮ፣ አባ" አለች ፈትለወርቅ ፎጣዋን እየፈታች። "ሰባት ያልሞላውን ልጅ ጾም አይይዘውም። የልጆቹን አንቺ፣ የኛን እኔ ተባብለን ነው። ጥሩዬ፣ ድስቱን ወደ ልጆቹ ውሰጂው እንጂ፣ እኛን አታስጎምጂን።" የራሷን ድስት ከፈተች። ምስር ወጥ ነበር።

"አንድ ዶሮ ሙሉ ለነዚህ ጩጬዎች?" አለ አስፋው።

"አንተም ሰባት የሞላህ አትመስለኝም፤ ሂድ ከነሱ ጋር ተቀመጥ" አለችው ፈትለወርቅ።

ሁሉም ሳቁ፤ አባም ፈገግ አሉ። ጥሩወርቅ አልሳቀችም። ከውርደት ድናለች፤ ያዳነቻት ግን ያቺው ናት። ቸርነትም ያስቀናል ለካ። ሂሩት ቅልጥም ይዛ "ማማን፣ ይጣፍጣል" ስትላት እንኳ ደስታው በግማሽ ደረሳት።

ማዕዱ ሲነሣ ጥሩወርቅ ሳህኖቹን አጥባ ጨረሰች፤ ቀጥሎም ማበጠሪያውን አምጥታ ፈትለወርቅ ፊት ቆመች።

"ባቡራችሁ እስኪደርስ ጊዜ አለሽ" አለቻት፣ አንቱታውን ትታ። "አንቺ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል። እጅሽን ልየው።"

ሂሩት በሁለቱ መካከል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፈትለወርቅ አፏን ሳትከፍት ጥሩወርቅ ቸኩላ የአንዲት ቀበሮን ተረት ጀመረች። ፈትለወርቅ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

ሲያልቅ የዙሪኩ ጎን እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ ብሏል፤ የጄኔቫው ጎን የካሩዥን ትራም ይመስል ይጠማዘዛል። ልጅቷ ከመስታወቱ ፊት ቆማ እጇን ወደ ራሷ አነሣች። ጥሩወርቅ ማበጠሪያውን እንደያዘች፣ እጁ የቱን ጎን አስቀድሞ እንደሚነካ ትጠብቅ ነበር።