በጀቱ ለባለቤቶቹ ሲነበብ

ዙቤይዳ አባቦራን የሚያውቅ ሰው በሰኔ ወር ቢሮዋ ዝር አይልም። ደፍሮ የገባ ቢኖር ወይ ተገሥጾ ይወጣል፣ ወይ ደረሰኝ አምጣ ተብሎ ይባረራል። በሰኔ የመጪው ዓመት በጀት ይሠራላ! በጀት ሲሠራ ደግሞ ሴትዮዋ ሻይዋ ይቀዘቅዝባታል እንጂ ቀና አትልም። አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈር ባለው የአረጋውያንና የሕፃናት መጠጊያ የዕቅድና በጀት ኃላፊ ሆና ስትሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ከመጠጊያው አንድ ሰው ጦሙን አላደረም።

መጠጊያው ውስጥ ጧሪ የሌላቸው ስልሳ ሁለት አረጋውያንና ወላጅ የሌላቸው ሃያ ሦስት ልጆች አሉ። የሚበሉት ከመዋጮ ነው፤ መዋጮው ደግሞ ከቡና። የአጋሮም፣ የማናም፣ የሊሙም ገበሬ ቡናውን ሲሸጥ የአቅሙን ይሰጣል። እንግዲህ ገንዘቡ ከኅዳር እስከ የካቲት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ጭጭ ነው። የዙቤይዳ ሙያ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብ በበዛ ጊዜ እጇን ትሰበስባለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈለቀ በጥር ወር፣ «ኧረ ወይዘሮ ዙቤይዳ፣ አንድ ሁለት አልጋ እንግዛ» ቢሏት፣ «አልጋ በነሐሴ ይበላል?» ብላ ትዘጋቸዋለች። ክረምት ሲገባ ቡናው ገና ጥሬ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የበቆሎ ዋጋ አይቀመስም። ለእነዚያ አራት ወራት እህል፣ ማገዶና መድኃኒት ብላ ዘጠኝ ሺህ ብር ለብቻው ታስቀምጣለች። ስሙንም «የክረምት ድርሻ» ብላዋለች። በእሱ ቀልድ የለም።

በስልሳ ስድስት ሰኔ ግን ቀልደኛ መጣ። እሱባለው የሚባል ካድሬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ወሩ፤ ንግግሩ ጥርት ያለ፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው። አይ፣ ተሳሳትኩ፤ ዘመኑ ሰባ ስድስት ነው፤ አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ሽር ጉድ የሚባልበት። ያን ጊዜ ይህን የሚረሳ ሰው አልነበረም፤ ማን ያስረሳዋል?

እሱባለው አቶ ፈለቀን አስከትሎ ቢሮዋ ገባና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ጓድ ዙቤይዳ፣ መስከረም ላይ አደባባዩ ላይ የድል ቅስት እናቆማለን። አሥራ ሁለት ሜትር! በየመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ተመድቧል። የእናንተ ዘጠኝ ሺህ ብር ነው።»

«ዘጠኝ ሺህ? እንዴት ከዘጠኝ ሺህ ላይ ቆመ?»

«ረቂቃችሁን አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ሺህ ብር ዝም ብሎ ተቀምጧል።»

ዙቤይዳ መነጽሯን አወለቀች። ሰውዬው አላወቀም እንጂ ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም።

«ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ክረምትን እየጠበቀ ነው። ይልቅ ይንገሩኝ፣ ከማን ልቀንስ? በእኔ በጀት እያንዳንዱ ሳንቲም በሰው ስም ነው የተያዘው። ስም ይጥሩልኝ።»

«ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ነዋ!»

«ትንሽ ትንሽ የሚባል ሰው መዝገቤ ላይ የለም።»

አቶ ፈለቀ ሳል ያዛቸው። እሱባለው ግን ፊቱ ተለዋወጠ፤ «ጓድ» ማለቱንም ያኔውኑ ረሳው።

«ስሚ! ይሄ ልመና እንዳይመስልሽ። ነገ ፈርመሽ ታመጫለሽ።»

እንግዲህ በመጠጊያው አንድ ወግ አለ። በጀት ከመፈረሙ በፊት በሰኔ መጨረሻ ሐሙስ፣ ግቢው ውስጥ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በየስሙ ይነበባል። ዙቤይዳ ራሷ ናት የጀመረችው። ድሮ አንድ ግምጃ ቤት ኃላፊ የአረጋውያኑን ብርድ ልብስ ለሁለት ዓመት ሲሸጥ ያልነቁት፣ ብርድ ልብስ እንደተመደበላቸው ስላላወቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ «በጀትን ባለቤቱ ካልሰማው ሌባ ይሰማዋል» ትላለች።

«እሺ» አለችው፤ «እኛ ጋ ግን ሳይነበብ አይፈረምም። ሐሙስ ሁሉም ይሰበሰባል። መቀነሱን ራስዎ ያስረዱልን።»

ካድሬ ስብሰባ ይጠላል? እሱባለው ፊቱ በራ። ሕዝብ ሰብስቦ፣ ተናግሮ፣ በጭብጨባ ማጸደቅ የለመደው ሥራ ነው። እዚያው ከአቶ ፈለቀ ጠረጴዛ ስልኩን አንሥቶ ለአለቆቹ፣ «የመጠጊያው በጀት ሐሙስ በሰፊው ሕዝብ ይጸድቃል፤ ስብሰባውን እኔ እመራለሁ» ብሎ ደወለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄኔ ነው።

እሱ ሲወጣ አቶ ፈለቀ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «ወይዘሮ ዙቤይዳ፣ ልጆች አሉኝ እኮ!»

«እኔም ሰማንያ አምስት አሉኝ» አለች።

እንዲህ ትበል እንጂ ፈርታ ነበር፤ ምን ይዋሻል? ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ልጅ አልወለደችም፣ ያለቻት አንዲት እህት አጋሮ ናት። ብትታሰር ስንቅ የሚያቀብላት እንኳ የለም። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ ይበልጥ ነበርና ማንበቧን አልተወችም።

ሐሙስ ዕለት ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ አባራ። አረጋውያኑ በረንዳው ላይ፣ ልጆቹ ደረጃው ላይ ተደረደሩ። ዙቤይዳ መዝገቧን ይዛ ቆመች፤ በሁለቱም ቋንቋ አነበበች።

«ዳባ ጉዳታ፣ ከደዶ። ዓይናቸው አያይም። በቀን ሁለት ጣሳ በቆሎ፣ ለክረምት አንድ ብርድ ልብስ፣ የሳል መድኃኒት። ሸዋረገጥ ወልደሰማያት፣ ከመንዝ መጥተው ቦሳ ኪቶ የኖሩ። በቀን ሁለት ጣሳ በቆሎ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የወገብ ቅባት…»

ሰማንያ አምስቱንም ጠራች። የተጠራው ሁሉ፣ «አለሁ» ይላል፤ ወጉ ነው። ስትጨርስ መዝገቡንና እርሳሱን ለእሱባለው ዘረጋችለት።

«ጓድ፣ የሚቀነሰውን በየስሙ ትይዩ ይጻፉና ጮክ ብለው ያንብቡልን።»

እሱባለው መዝገቡን ወዲያ አደረገው። ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ አብዮቱ፣ ስለ መሥዋዕትነት፣ ስለ ቅስቱ ተናገረ፤ ተናገረ። በመጨረሻም፣ «የምትደግፉ በጭብጨባ!» ብሎ እጁን አነሣ።

አንድ እጅ አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም እጁን ከጋቢው ውስጥ ወሽቆ ተቀምጧል።

«አማርኛ አይሰሙም እንዴ? ተርጉሚላቸው!»

ዙቤይዳ አንድ ቃል ሳትጨምር አንድ ቃል ሳትቀንስ በኦሮምኛ ተረጎመችው። ወይ ጉድ! ጭራሽ ባሰ። መጀመሪያ ያልገባቸው አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን እነሱም ገባቸውና ፊታቸውን አጠቆሩ።

አባ ዳባ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። «ልጄ፣ እኔ ዓይኔ አያይም፤ እስቲ ልጠይቅህ። ያ የምትለው ነገር አሥራ ሁለት ሜትር ነው?»

«አዎ አባቴ!»

«ከሥሩ ቢገቡ ከዝናብ ያስጠልላል?»

«ቅስት ነው እኮ… አያስጠልልም።»

«ያ ረቢ!» አሉና ተቀመጡ።

ልጆቹ ፈነዱ። ከዚያ በረንዳው በሙሉ ሳቀ። በዚያ ዘመን ካድሬ ላይ መሳቅ ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ያውቃል፤ እያወቁ ሳቁ።

ሳቁን ያቆሙት እማማ ሸዋረገጥ ናቸው። ቀስ ብለው ከበረንዳው ወርደው እሱባለው ፊት ቆሙ።

«ሁለት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ሁለቱም ለሶማሌው ጦርነት ዘመቱ፤ ሁለቱም እዚያው ቀሩ። አላጉረመረምኩም፤ የአገር ነገር ነው ብዬ። አሁን የቀረችኝ ይቺ ሁለት ጣሳ በቆሎ ናት። በል ስሜ ይኸውልህ። ቀንስ። ግን በማርያም፣ ዓይኔን እያየህ ቀንስ።»

እሱባለው እርሳሱን ያዘ። ከወረቀቱ አስጠጋው። ግቢው ሁሉ እጁን ያያል። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ሰው ነውና፣ የእሱም እናት አንድ ቦታ ተቀምጣ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? እርሳሱን መዝገቡ ላይ ወርውሮ፣ «ይሄ ቅስቀሳ ነው! የጸረ አብዮት ቅስቀሳ!» እያለ ወደ መኪናው ሄደ።

ዙቤይዳ የጣት ማተሚያ ቀለሙን አወጣች። አረጋውያኑ አንድ በአንድ እየቀረቡ በጀቱ ሳይቀነስ መጽደቁን በሚገልጸው ቃለ ጉባኤ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። በመጨረሻ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ቀረ። አቶ ፈለቀ ብዕራቸውን አንሥተው ወደ በሩ አዩ፤ እንደገና ወደ አረጋውያኑ አዩ።

«እኔ ልጆች አሉኝ» አሉ ለራሳቸው፤ ፈረሙም። የዚያን ጊዜ ዙቤይዳ ልታቅፋቸው ምንም አልቀራት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈሪ ሲሏቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ፈሪ ሆኖ መፈረም ደግሞ ከደፋር ፊርማ ይከብዳል።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች መጥተው ወሰዷት።

በጀቱስ? በጀቱ ጸደቀ። እሱባለው ምን ያድርግ? «በሰፊው ሕዝብ ይጸድቃል፣ የምመራውም እኔ ነኝ» ብሎ ለአለቆቹ አስቀድሞ ደውሏል። የለም፣ ሕዝቡ እንቢ አለኝ፣ አንዲት አሮጊት አሸነፈችኝ ብሎ ሪፖርት ሊጽፍ ነው? የተፈጠረውን አፍኖ፣ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ አሳለፈውና ብድሩን በሴትዮዋ ላይ ተወጣ። ቅስቱም ከባሕር ዛፍና ከወረቀት ተሠራ፤ ብዙም አልቆየ።

ዙቤይዳ የቀበሌው እስር ቤት ስትገባ ያን ሁሉ አታውቅም። እዚያ እስረኛን የሚመግበው ቤተሰቡ ነው፤ እህቷ ደግሞ ወሬውን ብትሰማ እንኳ የአጋሮ መንገድ በጭቃ ተዘግቷል። አራት ቀን ከሌሎቹ እስረኞች ጉርሻ እየተቀበለች ሰነበተች። ከረሃቡ ይልቅ የሚያንገበግባት፣ «ያ እርሳስ ተመልሶ ቀንሶ ይሆን?» የሚለው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠባቂው ስሟን ጠራ። በሩ ላይ እማማ ሸዋረገጥ የአባ ዳባን ከዘራ ጫፍ ይዘው እየመሩ፣ ሁለቱም በዝናብ ረጥበው ቆመዋል። እማማ ሸዋረገጥ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል።

«በጀቱስ?» አለች፤ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

«ትናንት በቆሎው ገባ። ሃምሳ ኩንታል። አቶ ፈለቀ ራሳቸው አስገቡት» አሉ እማማ ሸዋረገጥ።

ዙቤይዳ ግድግዳውን ተደገፈች። ከዚያ ጨርቁ ሲገለጥ አየችና ፊቷ ተለወጠ። የበቆሎ ቂጣና ጎመን ነው። የመጠጊያውን ቂጣ በክብደቱ ታውቀዋለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትመድበው የኖረች ናት።

«ይሄ ከየት መጣ? የእኔ ስም እኮ መዝገቡ ላይ የለም! እናንተስ ምን በላችሁ? ለዚህ ነው እንዴ የታሰርኩት? መልሱት፣ ዋላሂ አልነካውም!»

ጠባቂው ሳይቀር ደነገጠ። አባ ዳባ ግን ድምፁ ወደመጣበት ፊታቸውን አዞሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አትጩኺብኝ፤ እውር እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። ሐሙስ ዕለት ስሜን ጠርተሽ ሁለቱ ጣሳ የአንተ ነው አላልሽኝም?»

«ብዬአለሁ።»

«የእኔ ከሆነ ለፈለግሁት እሰጣለሁ። ለመንግሥት እንቢ አልኩ፤ ለአንቺ እሺ አልኩ። ዛሬ የእኔ ተራ ነው፣ ነገ የሷ ነው፣ ከነገ ወዲያ የሌላ። ሰማንያ አምስት ቀን ቢያስሩሽ እንችላለን። ኛዹ! ብዪ!»

ዙቤይዳ ሳህኑን ተቀብላ መሬት ላይ ተቀመጠችና እንባዋ በቂጣው ላይ እየወረደ በላች። ጠባቂው፣ «ጊዜ አልቋል፣ ሂዱ» ቢላቸው፣ እማማ ሸዋረገጥ ሳህኑ ባዶ መሆኑን ሳያዩ ከበሩ አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሱም።