ያለ ፍላሽ

ፎቶ አንሺውን ሰፈሩ «ቀና በሉ» ብሎ ነው የሚጠራው። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሁሉ በርጩማ ላይ እያስቀመጠ «ቀና በሉ» ሲል ስለኖረ ስሙ ቢወጣለት አይገርምም። የሚገርመው፣ እሱ ራሱ ካለፈው ዓመት ወዲህ አንገቱን ደፍቶ መሄዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእናቷ ጋር የምትኖረው አንድዬ ልጁ ትያትር ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ቀና በሉ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ገብቶ ፊት ወንበር ላይ ተሰየመ። መድረኩ ደብዝዟል፤ ልጅቱ የሞተባትን ወንድሟን ልታለቅስ ተንበርክካለች፤ አዳራሹ ጭጭ ብሏል። ይሄኔ አባት ሆዬ ካሜራውን አነሳና ፍላሹን አበራው። የልጅቱ ዓይን ተጥበረበረ፣ ቃሏም ጠፋባት። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሳቅ ደግሞ ይጋባል፤ መሬት ላይ የተዘረረው ሟች ሳይቀር ሆዱ ሲንቀጠቀጥ ታየ።

«አባዬ፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ» አለችው መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስቱዲዮውም ብቅ አላለችም።

ናፈቀችው። በተለይ መብራት ሲያስተካክል ትዝ ትለዋለች። ትንሽ ሳለች ደንበኛ እስኪገባ በርጩማው ላይ የሚያስቀምጠው እሷን ነበር። «ትንፋሽሽን ያዢ» ሲላት ጉንጯን ነፍታ ትጠብቃለች፤ ካሜራው ቀጭ ሲል «ፉ» ትላለች። አሁን በርጩማው ላይ የሚያስቀምጠው አሮጌ ኮቱን ነው። ኮት ደግሞ ፉ አይልም።

አንድ ቀን እናትየዋ ደወለች። «ልጅህ አዲስ ትያትር አላት፤ እሑድ ከሰዓት። እኔ ግን አልነገርኩህም» ብላ ዘጋችው።

ቀና በሉ በዚያው ቀን ያገለገለ ካሜራ እየጠገነ ወደሚሸጥ ወዳጁ ሄደ። ሰውየውን ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል፤ ከካሜራ በቀር ያከመው ፍጡር ግን የለም።

«ጨለማ ውስጥ ያለ ፍላሽ የሚያነሳ ዙም ሌንስ ፈልግልኝ» አለው። «ከኋላ ወንበር ሆኜ ፊቷን የሚያመጣልኝ። ደግሞ ርካሽ ይሁን።»

«ምሳም ይሥራልህ?» አለ ዶክተር፤ ግን ሦስት ሌንሶች ባንኮኒው ላይ ደረደረ።

«ይሄ ሩቁን ያቀርባል፣ ብርሃንም እንደ ልብ ያስገባል። ዋጋው ስቱዲዮህን ያሸጥሃል። ይሄኛውም ሩቁን ያቀርባል፣ ርካሽ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ግን ዕውር ነው። ይሄ ሦስተኛው ያረጀ ቢመስልም መስታወቱ ንጹሕ ነው። የትኛውም ርቀት ላይ ብታዞረው የብርሃን ቀዳዳው እስከ ሁለት ነጥብ ስምንት ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ለጨለማ አይበገርም፣ ዋጋውም ካንተ አቅም አያልፍም። ችግሩ፣ ሩቅ አይደርስም። መቅረብ አለብህ።»

ቀና በሉ መጀመሪያ ያነሳው ሁለተኛውን ነው። ዶክተርን ጨለም ወዳለው የሱቁ ጥግ ልኮ ከበሩ ሆኖ አነሳው። የወጣው ቡራቡሬ ነገር ዶክተር ይሁን ጆንያ አይለይም። ሦስተኛውን ካሜራው ላይ ገጠመና ጠጋ ብሎ አነሳ። የዶክተር ሸሚዝ ቁልፍ የተሰፋበት ክር ሳይቀር ታየ።

«ጥሩ ነው» አለ በቅሬታ። «ግን መቅረብ አልችልም። እንዳትመጣ ብላኛለች። ከኋላ ተደብቄ ካልሆነ በቀር…»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ወይ ተደብቀህ ጨለማውን ታነሳለህ፣ ወይ ቀርበህ ልጅህን ታነሳለህ።»

ቀና በሉ ሁለቱን ሌንሶች በሁለት እጁ መዘነ። በመጨረሻ ፍላሹን ከቦርሳው አውጥቶ ለዋጋው ማሟያ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ሦስተኛውን ሌንስ ይዞ ወጣ።

እሑድ የአዳራሹ መስኮቶች በጥቁር መጋረጃ ተሸፍነዋል። በረኛው ካሜራውን ገልብጦ አይቶ፣ ፍላሽ እንደሌለው ሲያረጋግጥ አሳለፈው። ቀና በሉ እንደ ሌባ እያደባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ታባርረኛለች ብሎ ፈርቷል፤ ከዚያ የባሰ የፈራው ግን በሱ ምክንያት ዳግመኛ ቃሏ እንዳይጠፋባት ነው።

ልጅቱ የምትጫወተው ሳይመጣ የቀረባትን ሰው የምትጠብቅ ሴትን ነው። ወደ ተመልካቹ የዞረ ባዶ የመስኮት ፍሬም አለ፤ እዚያ መጥታ መንገዱን ታያለች። መጣች። አየች። ዓይኗ ዓይኑ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ጉልበቱ ላይ ወዳለው ካሜራ ወረደ።

ፊቷ ልውጥ አለ። ቀና በሉ ተነስቶ መውጣት አማረው፤ ግን መነሳቱ ራሱ ቃሏን እንዳያጠፋባት ሰጋ። ልጅቱ መናገር ነበረባት፤ አልተናገረችም። እጇን መስኮቱ ላይ አሳርፋ ቀጥ ብላ ቆመች። ይሄኔ ነው ያስተዋለው፤ ትከሻዋ አይንቀሳቀስም፣ ጉንጯም ትንሽ ተነፍቷል። ትንፋሿን ይዛለች።

ካሜራውን አነሳ። ቀጭ።

«ፉ» አለች ልጅቱ፣ በቀስታ። ተመልካቹ የሴትዮዋ ናፍቆት መስሎት ከንፈሩን መጠጠላት። እሷም ቃሏን ቀጠለች።

ትያትሩ ሲያልቅ ሊጠብቃት አልደፈረም። ስቱዲዮው ገብቶ ፎቶውን በኮምፒውተር ሲከፍተው ብርሃኑ ተስማምቷል፣ ፊቷ ቀርቧል፣ ግን ሁሉም ነገር ተንቀጥቅጧል። እሷ ቀጥ ብላ ነበር፤ የተንቀጠቀጠው የሱ እጅ ነው። ቢሆንም አጥቦ በስቱዲዮው መስኮት ላይ፣ ከሙሽሮቹና ከምሩቃኑ ፎቶ መሀል ሰቀለው። «ይሄ ተበላሽቷል እኮ» ለሚለው ደንበኛ ሁሉ መልሱ «አውቃለሁ፤ ቀና በሉ» ሆነ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በሩ ተከፈተ። ልጅቱ ነች። በውጪ በኩል ፎቶውን ቆማ ስታየው ቆይታለች። አሮጌውን ኮት ከበርጩማው ላይ አንስታ በቦታው ተቀመጠች።

«እጅህ ተንቀጥቅጧል» አለችው።

«አዎ።»

«ትንፋሼ እስኪያልቅ ይዤልህ ታበላሸዋለህ?»

ቀና በሉ መብራቱን ወደ በርጩማው አዞረ።

«እሑድ ደግመን እናሳያለን፤ ትመጣለህ» አለች የኮቱን አቧራ እያራገፈች። «እዚያው ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ከኋላ ከተቀመጥክ አላይህም።»