ከፎቶው ውጪ ያለው ድንጋይ

ባለቤቴ ጣውንት አምጥቶብኛል። ሐይቅ ዳር የቆመች አንዲት ዛፍ ናት። ከቤታችን ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ተነድቶ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ በእግር ተኪዶ ትገኛለች። በዓመት አራት ጊዜ እንጠይቃታለን፤ ስታቆጠቁጥ፣ ስትለመልም፣ ቅጠሏ ሲቀላ፣ በረዶ ሲጭናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቦታ ሆኖ ፎቶ ሲያነሳት ኖሯል። የካሜራው ማቆሚያ ቦታውን እንዳይስት ብሎ ለሦስቱም እግሮቹ ጠፍጣፋ ድንጋይ መሬት ውስጥ ቀብሯል። ለእኔ ይህን ያህል የተጠነቀቀበትን ቀን አላስታውስም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ባለቤቴ ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነው። አንድ ዓመት የዛፊቱ አራት ፎቶዎች በመሥሪያ ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ወጡለት፤ ከዚያ ወዲህ ልቡ አልተመለሰም። እኔ ደግሞ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ። ስድስት ቀን ቆሜ ስተኩስ ሰንብቼ በሰባተኛው ቀን እግሬ ጫማ አልገባም ይለኛል። እሱ «ሽርሽር እንሂድ» የሚለው ልክ ያን ቀን ነው። ሽርሽር ማለትም እኔ ፔርሙዙን፣ እናቴ ብርድ ልብሱን፣ ልጃችን ማቆሚያውን ተሸክመን እሱን መከተል ነው። ደክሞኛል ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሦስታችንን ዛፊቱ ሥር ያቆመናል፤ ለልኬት። ብርሃኑ ፊታችን ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ለማየት ሁለት ሦስት ጊዜ ያነሳናል። ከዚያ ፀሐይ ከደመናው ብቅ ስትል «አሁን! ውጡልኝ!» ብሎ ይጮኻል። በስተግራ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ሰፊ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ሄደን ቁጭ እንላለን። ለልኬት ያነሳንን ቤት ሲገባ ያጠፋዋል። «ቦታ ይይዛል» ይላል።

እናቴ አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅም። ድንጋዩ ላይ ሆነን ልጃችን መነጫነጭ ስትጀምር፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ! እየሠራ ነው» ትላታለች። ለእናቴ ሥራ ሥራ ነው፤ ቅጠል ማንሳትም ቢሆን።

ባለፈው ዓመት እናቴ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፍ ረሳች፤ ቀጥሎ የተጣደ ድስት፤ ቀጥሎ ሰው። አንድ ቀን ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥርላት በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝና፣ «እግዜር ይስጥሽ። የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

«ያንቺ» አልኳት።

«ኧረ ተይ!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ያን ቀን ሥራ ቦታ ሦስት አንሶላ አቃጠልኩ።

ሐኪሟ የቤተሰቡን ፎቶ አልጋዋ አጠገብ ብንሰቅልላት ሊረዳት እንደሚችል ነገረን። ባለቤቴ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ከስድስት መቶ በላይ ዛፍ አለው። እናቴ የለችም፣ እኔም የለሁም። ልጃችን የወተት ጥርሷን ከምትነቅልበት ጊዜ ጀምሮ ኮሌጅ እስክትገባ በዚያች ዛፍ ሥር ስትመላለስ አድጋ፣ ጥላዋ እንኳን አልተገኘም። ቤት ውስጥ ፎቶ አንሺ አለ ብለን ደግሞ ማናችንም በስልክ የማንሳት ልማድ አላወጣንም። የእኔ ስልክ ላይ ያለው የመድኃኒት ካርቶን ብቻ ነው።

«አጠፋኸን» አልኩት። ከዚህ በላይ ለመቆጣት እንኳን ጉልበት አልነበረኝም። ኮምፒውተሩን ዘጋው። በሳምንቱ ግን መኪናውን አስነስቶ፣ «እናታችንን ላንሳ» አለኝ።

በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። እናቴን በሁለት በኩል ደግፈን ሃያውን ደቂቃ በአንድ ሰዓት ሄድነው። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ዛፊቱ ሥር አቆምናት፤ እኔ በቀኟ፣ ልጄ በግራዋ። ባለቤቴ ካሜራውን ሦስቱ ድንጋዮች ላይ ተክሎ ዓይኑን አስጠጋ። እናቴ የካፖርቷን ጫፍ ሰብስባ ወደ ግራ፣ ወደ ሰፊው ድንጋይ መንገድ ጀመረች።

መልሶ አመጣት። «እማማ፣ ዛሬ እርስዎን ነው የማነሳው። እዚሁ ይቁሙልኝ።»

«እሺ ልጄ።»

ጎንበስ ሲል ሄደች። እንደገና አመጣት፤ እንደገና ሄደች። በአራተኛው እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። እሷ ግን ጎተተችኝ።

«ነይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ሊሠራ ነው! ብርሃኑ ሊያመልጠው ነው!»

አንጀቴን በላችው። ስሜን ረስታለች፣ የወለደችኝን ቀን ረስታለች። ካሜራ ሲነሳ ከፊቱ ገለል ማለትን ግን አልረሳችም። አሥራ አራት ዓመት ያስተማርናት እሱን ነዋ። ባለቤቴ ካሜራው ላይ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ ብርዱ መስሎኝ ነበር።

ፀሐይዋም ልትገባ ነው። እግሬ ደንዝዟል። «በቃ፣ ወደ ቤት እንሂድ» ልለው አፌን ስከፍት፣ ማቆሚያውን ከሦስቱ ድንጋዮች ላይ ነቀለው። በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ጀርባውን ለዛፊቱ ሰጥቶ ካሜራውን ወደዚያ ወደ መቀመጫችን አዞረ። ሄዶ የድንጋዩን በረዶ በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ተመልሶ «አሁን! ውጡልኝ!» አለ።

እናቴ በዚያ ጉልበቷ ቀድማን ደረሰች። ቁጭ አለች፤ ግራና ቀኟ ተቀመጥን። ባለቤቴ ካሜራው አሥር ቆጥሮ ራሱ እንዲያነሳ አደረገና እየሮጠ፣ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ቁና ቁና ይተነፍሳል። እናቴ ዞር ብላ አየችው፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እሽሽ!» አለችው። «እየሠራ ነው።»

ካሜራው ያን ጊዜ አነሳን።

ፎቶው አሁን አልጋዋ አጠገብ ተሰቅሏል። ዛፊቱ የለችበትም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አፌን ከፍቻለሁ፣ ልጄ በሳቅ ወደ ጎን ዘንበል ብላለች፣ ባለቤቴ ጉልበቱ በረዶ ፊቱ እንባ ነው። መሐላችን እናቴ ጣቷን አንስታለች። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥርላት ትኩር ብላ ታየዋለች። «እነዚህ እነማን ናቸው?» እላታለሁ። አታውቀንም። ጣቷን ግን ከንፈሯ ላይ ታደርግና ዝም እንድል ትነግረኛለች፤ እኔም ዝም ብዬ አበጥራለሁ።