የእንሰት ቀለም

በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ውስጥ ሠረቀብርሃን የሚባል ድሬሰር ነበረ። ከጦር ሠራዊት ወጥቶ ክሊኒክ የከፈተ፣ «ዶክተር» ካላሉት የሚያኮርፍ ሰው። ዛሬም ስሙን ስጠራ ደሜ ይፈላል።

የወንድሜን ሚስት ሙሉካን እሱ ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ጠንካራ እብጠት ወጥቶባት እንሰት መፋቅ አቅቷት ነበር። ወንድሜ እንደሆነ ሞቷል፤ እሷ ካልፋቀች ልጆቿ ምን ይበላሉ?

ሰውየው በሽተኞቹን አግዳሚ ላይ ይደረድርና ጥጥ በአዮዲን እየነከረ የሚቀደደውን ቦታ ይቀባል፤ ከዚያ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ማስተማርም ይወዳል። ቆዳ ላይ ዓይን የማያየው ተውሳክ አለ፣ አዮዲኑ ካልገደለው ከምላጩ ጋር ገብቶ ሥጋ ይበላል ይለናል። አዬ፣ ባያውቅ ይሻል ነበር!

ሙሉካን ግን እንሰት እንሰት ሸተትሽኝ ብሎ በሩ ሥር አስቀመጣት። ጥጡን ይዞ እሷ ጋ ሊደርስ ሲል የባላባቱ ሚስት ደጃፉ ላይ ከበቅሎ ወረደች። ሁሉን ጥሎ ሮጠ። ወንበር አቀረበላት፣ ሲስቅ ሲሽቆጠቆጥ ቆየና ምላጩን ይዞ ተመለሰ። የሙሉካን እጅ ገልበጥ አድርጎ አየው፤ ቡናማ ነው፣ አዮዲን የተቀባ ይመስላል። የእንሰት ጭማቂ ዕድሜ ልኳን ያጠቆረው፣ በሳሙና የማይለቅ እጅ ነዋ።

«ጌታዬ፣ እሷን አልቀቧትም። የእንሰት ቀለም ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ ወይዘሮዋን አየ፤ ሰምታለች። መልሶ የሙሉካን እጅ አየ። ገብቶታል እኮ! በእሷ ፊት ተሳስቻለሁ ከማለት የሰው እጅ ቀለለው።

«ሥራዬን ከእንሰት ፋቂ ልማር እንዴ?» አለና ቀደደው።

ሙሉካ ምን እንደተባባልን አልገባትም። ከአማርኛ የምታውቀው «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነው፤ እሱኑ አለችው።

ሳምንት ሳይሞላ እጇ አብጦ ጠቆረ። የቡና ጆንያ በጫነ መኪና ላይ አስተኝተን ይርጋለም ሆስፒታል አደረስናት። ከክርኗ በላይ ይቆረጣል አሉ፤ አንቺ ቋንቋዋን ታውቂያለሽ፣ ንገሪያት አሉኝ። አፌ እምቢ አለ።

ነርሷ ክንዷን በሳሙና አጠበች። አዮዲኑን እስከ ትከሻዋ ቀባች፣ ሲደርቅ ደገመች። ሙሉካ ጥጡን በዓይኗ እየተከተለች በጌዴኦኛ ጠየቀችኝ፦

«ይኼን ሁሉ የምትቀባኝ እጄን ልታድነው ነው?»

«አዎ» አልኳት።

ሙሉካ ወደ ነርሷ ዞረችና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።