ግራው የእናቴ ነው

«እስቲ አሁን ይሄ ለሰው ይታያል?» አለች ፌሊስቤርታ፣ ጥቁሩን የተማሪ ካባ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ። «ጫፉን እዪው! ውሻ የተጫወተበት ነው የሚመስለው። ልጃቸው አውሮፓ ድረስ ሄዳ ቡትቶ ለብሳ ኖረች ይበሉን?»

ዶሚንጋስ ግድግዳው ላይ ከተዘረጋው ነጭ አንሶላ ሥር፣ የልጇ ፎቶና ሻማዎቹ ካሉበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። ካባው የመጣው ያን ዕለት ጠዋት ነው። ያመጣችው ሊዮኖር ናት፤ ሟቿ ዙሌይካ ፖርቱጋል ውስጥ ኮይምብራ ስትማር አንድ ክፍል አብራት የኖረች ጓደኛዋ። ለቀብሩ አልደረሰችም። ካባውን ሻንጣ ውስጥ መክተት አቅቷት መንገዱን ሙሉ አቅፋው መጣች። ለዶሚንጋስ አስታቀፈቻትና አንገቷ ሥር ተሸጉጣ አልቅሳ አልቅሳ፣ ጓዳ አልጋ ላይ ጋደም ሲያደርጓት እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

«ለእኔ ተዪው፣ ኮማድሬ» አለች ፌሊስቤርታ። የዙሌይካ ክርስትና እናት ናትና ሁለቱ ሴቶች ኮማድሬ ነው የሚባባሉት፤ በዚያ ላይ የዶሚንጋስ ሟች ባል ታላቅ እህት ናት። አሶማዳ ከተማ ውስጥ ያለ እሷ እጅ የተሰፋ የሙሽራ ልብስ የለም። «ነገ ሰባተኛው ቀን ነው። ደሴቱ በሙሉ ይመጣል። እኔ በቁሜ እያለሁ እንዲህ ተበጫጭቆ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም።»

«እንደ ፈለግሽ።» ለመከራከር ጉልበት አልነበራትም።

ፌሊስቤርታ መነጽሯን አድርጋ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ሄደች። ካባውን ስትገለብጠው ውስጡ በሄደችባቸው ከተሞች የጨርቅ ዓርማ ተሞልቷል፤ ሳላማንካ፣ ፓሪስ፣ ጌንት፣ ቱሪን፣ ሌላም ሌላም። አንድ በአንድ እየነካች አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች።

«መቼ ነው ያጠናችው ታዲያ?»

ለቀስተኞች ይገባሉ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። የዶሚንጋስ ትንሿ ልጅ ኤድና ከፔርሙሱ ቡና እየቀዳች ብስኩት ታዞራለች። ወሬው ከወንበር ወደ ወንበር ይሄዳል።

«አውቶቡሱ የተገለበጠው ስፔን ነው አሉ።»

«ስፔን? ትምህርቷ ፖርቱጋል አልነበር እንዴ?»

«እኮ!»

ይቺ «እኮ» ናት ዶሚንጋስን የምታንገበግባት። ሳምንቱን ሙሉ እየሰማቻት አንጀቷ አርሯል። ሌላው ለቅሶ ነው፣ ይቻላል። «እኮ» ግን ሟቿን ጥፋተኛ፣ እናቲቱን ደግሞ ልጇን የለቀቀች ዝርክርክ ታደርጋለች።

ዙሌይካ ድሮም እግሯ አያርፍም ነበር። ገና እፍኝ የማትሞላ ልጅ ሳለች ሚኒባስ ላይ ተሳፍራ ጠፋች። አገር ምድሩ ሲፈልጋት ውሎ ሹፌሩ ራሱ ከዋና ከተማዋ ከፕራያ ይዟት ተመለሰ። «ምን ልትሠሪ ሄድሽ፣ አንቺ ጉድ?» ብላ ዶሚንጋስ ጆሮዋን ስትይዛት፣ «መንገዱ የት እንደሚያልቅ ላይ ነዋ!» አለቻት። ገበያ መሀል፣ እናቷ በምትሸጠው ካሮትና ጎመን ላይ ቁጭ ብላ ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ ለዶሚንጋስ አሁንም ይሰማታል።

ኮይምብራ የገባች ጊዜ ግን የመጀመሪያውን ክረምት በለቅሶ ነበር የጨረሰችው። «እማ፣ የአውሮፓ ብርድ እኮ ውጭ አይደለም ያለው፣ ቤት ውስጥ ነው! ኮቴን ለብሼ ነው የምተኛው» ትላለች በስልክ። ቀስ በቀስ ስልኩ ሌላ ነገር ይዞ መምጣት ጀመረ። የአገሯን የበቆሎና የባቄላ ወጥ፣ ካቹፓን፣ በማሰሮ ይዛ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ሽታው ተሳፋሪውን ሁሉ እንዳስራበው። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከሊዮኖር ጋር ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው እንዳደሩ። ፓሪስ ጠፍታ ስታለቅስ፣ ቢሮ የሚያጸዱ የአገሯ ሴቶች በቋንቋዋ እየተቆጧት አጉርሰው መንገድ እንዳሳዩዋት። ዶሚንጋስ ከደሴቷ ወጥታ አታውቅም። ስልኩን ስትዘጋ ግን እግሯን የሚደክማት እሷን ነበር።

«ደግሞ ልንገርሽ» አለች ፌሊስቤርታ ክር እየበጠሰች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ኤድና የትም አትሄድም። እዚያው የእህቴ ትምህርት ቤት ተቀብለውኛል ብላ ለመስከረም ሻንጣ እያሰበች ነው አሉ። የወንድሜ ልጅ ናት፣ እኔም ቃል አለኝ። ነገ ጠረጴዛው ሲነሳ በሰው ፊት ትናገሪያለሽ። አውሮፓ አንዷን በልቶብናል፣ ሁለተኛዋን አንሰጠውም።»

ኤድና ፔርሙሱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እናቷን አየቻት። ዶሚንጋስ ዓይኗን ወደ ሻማው መለሰች።

በማግሥቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ካባው ተጣጥፎ ፎቶው ሥር ተቀምጧል። ጫፉ ድፍን ብሏል፤ ስፌቱ ያለ መነጽር አይታይም። ሊዮኖር ልትሳለመው ጎንበስ አለችና እጇ ጫፉ ላይ ቆመ። ደጋግማ ዳበሰችው።

«ማነው የሰፋው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች ፌሊስቤርታ፣ ምስጋና የመጣላት መስሏት። «ዓይኔ እስኪጠፋ ነው የሠራሁት።»

ሊዮኖር ወደ ዶሚንጋስ ዞረች። «ዶና ዶሚንጋስ፣ ያረጀ መስሏችሁ ነው? እኛ ጋ እኮ ካባ የሚቀደደው በጥርስ ነው። የሚቀድዱት ባለካባዋን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ በቀኝ ጓደኞቿ፣ በግራ ቤተሰቧ። የቀኙ እንደዚያ የተተለተለው ሰው ስለማይጠግባት ነው። እዚህች ጋ የነበረው የእኔ ነበር...» ጣቷን ስፌቱ ላይ አድርጋ እንባዋ ወረደ።

ፌሊስቤርታ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «በጥርስ?» አለች። «ወይ እኔ! ምን ቀሰፈኝ!» ከኪሷ ትንሿን መቀስ አውጥታ ልትተረትረው ካባውን ሳበች።

ዶሚንጋስ መቀሱን ቀምታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ተዪው። የአንቺም እጅ ይኑርበት።»

ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለመሆኑ በትምህርቱስ ጎበዝ ነበረች?»

«አንዳንዱን ታልፋለች፣ አንዳንዱን ትደግማለች» አለች ሊዮኖር።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀና ደንግጦ አፉን ያዘ። ዶሚንጋስ ካባውን አንስታ ግራውን ጫፍ እያገላበጠች ታየዋለች። አንድ ጭረት የለበትም።

«ይሄኛውስ?»

«እሱን አስነክታ አታውቅም። ያገሯ ልጆች የአክስትሽ ልጅ ነኝ፣ ምናምን እያሉ ሲመጡባት ታባርራቸዋለች። ‹እጃችሁን ሰብስቡ፣ ግራው የእናቴ ነው። ለምርቃቴ መጥታ ራሷ ትቀድደዋለች› ትላለች።»

ዶሚንጋስ ተነሳች። ሳምንቱን ሙሉ ጎብጣ የከረመችው ሴትዮ ቀጥ አለች።

«ስፔን ምን ልትሠራ ሄደች ስትሉ ሰነበታችሁ» አለች። «ከአሁን በኋላ ስትጠያየቁ እንዳልሰማ፣ እኔው ልንገራችሁ። ደወለችልኝ። ‹እማ፣ ልጆቹ ሴቪያ ሊሄዱ ነው፣ ቀርቼ ላጥና ወይስ ልሂድ?› አለችኝ። ሂጂ አልኳት። እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት! የእኔንም ድርሻ አይተሽልኝ ነይ አልኳት። ዛሬም ብትደውል ሂጂ ነው የምላት። ልጄ እየኖረች ነው የሞተችው፣ ማንም አንገቱን አይድፋላት።» ትንፋሿን ሳበች። «ኤድናም ትሄዳለች።»

«ኮማድሬ!» አለች ፌሊስቤርታ።

«ትሄዳለች አልኩ!»

ይህን ብላ ጫፉን አፏ ውስጥ ከተተችና ነከሰች። ጨርቁ እንቢ አላት። አንገቷ እስኪገታተር ጎተተች፣ ደግማ ነከሰች፤ እንቢ። አንዷ ሴት መቀሱን ልታቀብላት ስትል ፌሊስቤርታ እጇን በጥፊ መታቻት።

«በጥርስ ነው ሲባል አልሰማሽም?»

ተነሥታ ከዶሚንጋስ ፊት ቆመች። ዓይኗ ደም ለብሷል። ጨርቁን በጣቷ ዳብሳ ክሩ የሚሄድበትን ፈለገች። «እዚያ ጋ ጥርዙ ድርብ ነው፣ አይሆንልሽም። ከዚህ ያዢው» አለችና በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችላት። «በይ፣ በደንብ ንከሺ።»

ዶሚንጋስ ነከሰች። ካባው ተረረረ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ድምፁ በሩ ላይ ለቆሙት ሳይቀር ተሰማ። ከዚያ በኋላ ነው ሴቶቹ እሪ ያሉት፤ ፌሊስቤርታ ከሁሉም በላይ።

ዶሚንጋስ አላለቀሰችም። ኤድናን ጠርታ ካባውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ረዥም ነው፣ መሬት ይጠርጋል። ኤድና በለቅሶ መሀል የእናቷን ፊት ስታይ ከንፈሯ ላይ አንዲት ጥቁር ክር ቀርታለች፤ በመሐረቧ ልታነሳላት እጇን ዘረጋች።

ዶሚንጋስ ፊቷን መለስ አደረገች።

«ተዪው» አለች፣ ከንፈሯንም ክሩ ላይ ገጠመች።