የሽጉጡ አፎት

እኔ አገርነሽ ከተናደድኩ አፌ አይዘጋም። ባሌ ዳልጮ በዚህ ሁሌ ይወቅሰኛል። ይውቀሰኛ! እሱን ዝምታው ምን ጠቀመው?

"መሣሪያ አስረክቡ" የተባለ ጊዜ ከአባቱ የወረሰውን የጣሊያን ሽጉጥ ወስዶ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ለሽበሺ ሰጠ። ሦስት ወር ቆይቶ ሽበሺ የድሮውን የፈቃድ ወረቀት ይዞ ቤታችን መጣ። "የቆዳ አፎት፣ ትርፍ የጥይት ካዝና፣ መወልወያ ዘንግ ይላል። ሽጉጡን ለክፍለ ሀገር ልከናል፤ ዕቃውን ግን ደብቃችኋል" ብሎ ባሌን ቀበሌ አሰረው። እስከ እሁድ ካልተሟላ ወደ ትልቁ እስር ቤት ይተላለፋል። እዚያ ገብቶ የተመለሰ ሰው እኔ አላየሁም።

ዕቃው የት እንደገባ አላውቅ፤ ከታችኛው ሠፈር ከሲቀላ ላይኛው ሴቻ ወጥቼ ከቆዳ ሠሪ አዲስ አፎት አሰፋሁ። ይዤ ስሄድ ሽበሺ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ኮቱን ገለጠና ያንኑ ሽጉጥ ከወገቡ መዞ ልኩን ሞከረ። "ይሄ ምንድን ነው? ኦሪጅናሉን አምጪ!" ብሎ ወረወረልኝ። ወይ ጉድ! የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ። አምሮበት ሊታጠቀው ባሌን ያስርብኛል? ደሜ ፈላ፤ ግን ለዚያች ቀን ምላሴን ነክሼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጫኖ፣ የዳልጮ አጎት አባባ ደበሌ ዘንድ ወረድኩ። ወንድማቸው፣ የዳልጮ አባት፣ ሲሞት አፎቱን እሳቸው ወስደው የሙዝ መቁረጫ ቢላ ከተውበታል። "ለዳልጮ ነፍስ ነው" ስላቸው ወዲያው ፈቱልኝ። ካዝናው ከአፎቱ ጎን ባለችው ኪስ እንደተወተፈ ነበር።

"ለዚያ ቀማኛ ልትሰጪው ነው?" አሉኝ።

"እሰጠዋለሁ አባባ፤ አሰጣጡን ግን ያየዋል።"

ዘንጉ በአባባ ደበሌ ጥቆማ ዶርዜ ተገኘ። ሽማግሌው ሸማኔ ኦይታ ከዳልጮ አባት ተቀብለው መወርወሪያቸው ውስጥ ሰክተውት፣ ማግ የተጠቀለለበት ቀሰም ይሽከረከርበታል። ነገሩን ሲሰሙ የሚሠሩትን ጋቢ ከመሃል አቁመው መዘው ሰጡኝ። "ሸምበቆ እሰካለሁ፤ ሂጂ" አሉኝ። አለቀስኩ።

እሁድ ጠዋት፣ ልክ በጸሎታችን ሰዓት፣ ቀበሌው ውይይት ይጠራል። ሆን ብለው ነው። ያን ቀን ከክፍለ ሀገር የመጣ ካድሬም ከሽበሺ ጎን ተቀምጧል። "ግለ ሂስ የሚያቀርብ አለ?" ሲባል እጄን አወጣሁ። ጥፋቱን የሚናዘዝ ሰው አይቋረጥም፤ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

"ጓዶች፣ ጥፋተኛ ነኝ" አልኩ። "የሽጉጥ ዕቃ ሳላስረክብ ቆይቻለሁ። ይኸው አፎቱ፣ ካዝናው፣ ዘንጉ። ወረቀቱ 'ከነሙሉ ዕቃው' ስለሚል ሽጉጡ ይምጣና በሕዝብ ፊት ይገጠም።"

"ተልኳል እኮ!" አለ ሽበሺ።

ካድሬው ዞረበት። "ለማን? እኛ ጋ አልደረሰም።"

"ሩቅ አይሂዱ ጓድ፤ ኮቱን ያስገልጡት" አልኩ። አልተቀመጥኩም።

ሽበሺ አመድ መስሎ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ካድሬው አፎቱ ውስጥ ሲከተው ልክክ አለ። ወደደው መሰለኝ፤ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ቦርሳ ሳበው። ኧረ ወዲያ!

"ዘንጉ ይቀራል" አልኩና በእጄ ጨበጥኩት። "እሱን የምሰጠው ባሌ ሲፈታ፣ ሽጉጡም መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው።"

"ልታዢን ነው የመጣሽው? ተቀመጪ!" አለ ካድሬው።

"ግለ ሂሴን አልጨረስኩም ጓድ።"

ከኋላዬ ወለቴ፣ ያቺ ድምጿ የማይሰማ ጎረቤቴ፣ ተነሳች። "እኔም ግለ ሂስ አለኝ። የሟች ባሌን ጠመንጃ አስረክቤ የት እንደገባ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።" ከዚያ አንድ እጅ ወጣ፤ ሌላ ወጣ፤ አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ።

ካድሬው እጆቹን አየ። መዝገቡን አስከፍቶ ጻፈ፤ ከዚያ ጠባቂውን "ሰውዬውን አምጣው" አለው። ዳልጮ ጢሙ አድጎ፣ ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው ገባ። ዘንጉን ያን ጊዜ ጣልኩላቸው።

"ምን አድርገሽ ነው ያስፈታሽኝ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ጥፋቴን አምኜ" አልኩት።