መቶ ሰባ ቮልት

በያጇ ሁለት ቀን ሙሉ የደንበኛ በር ስትገጥም ቆይታ ስትመለስ፣ ታናሽ ወንድሟ ግቢውን ጠርጎ፣ ሙገሳ እንደሚጠብቅ ሰው ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«እትዬ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ የሰገነት አጥር አልቋል። ገጥሜውም መጣሁ። ከነገ ጀምሮ ልጆቹን እዚያ ፀሐይ ሊያሞቋቸው ነው።»

«መቼ በየድከው?»

«ትናንት እኩለ ቀን። ኮምፕሬሰሩ ለፕላዝማ ብረት መቁረጫው አየር እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ከማዛጋ፣ እየበየድኩ ጠበቅኩት።»

የያዘችውን የመሣሪያ ሣጥን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወርክሾፑ የመኖሪያ ቤቱ ጓሮ ነው፤ ማሽኖቹም መብራት የሚጠጡት የወጥ ቤቱ ምድጃ ከሚጠጣበት መስመር ነው። ስለዚህ በዚያ ጓሮ አንድ ሕግ ብቻ ነበር፦ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ኃይሉን ስለሚሻማ ብየዳ ይቆማል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው የቮልት መለኪያ ከሁለት መቶ በታች ከወረደችም ጭምብል ይወልቃል። በምሳ ሰዓት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ድስቱን ስለሚጥድ፣ መለኪያዋ ያለ ኮምፕሬሰሩም ትንቀጠቀጣለች።

«ስንት ትል ነበር?»

«መቶ ሰባ። ግን ማሽኑ ጀርባ ላይ ከመቶ ስድሳ ጀምሮ ይሠራል ተብሎ ተጽፏል። አንብቤያለሁ።»

«አበጀህ፣ አንባቢው! ይሠራልማ። ብልጭታው ይታያል፣ ድምፁም ይንጫጫል። የቀለጠው ግን ብረቱ ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ እንደ ማስቲካ ይለጠፋል።»

«አምፔሩን ጨምሬዋለሁ እኮ።»

«ውሃ በሌለበት ቧንቧውን ብትከፍተው ምን ይወርዳል?»

«አጥሩም የቆረጣ ሥራውም ስመለስ አልቀው ልያቸው ያልሽው አንቺ ነሽ» አለ እያጉረመረመ።

እውነቱን ነበር፤ ደሟን ይበልጥ ያፈላውም ይኸው ነው። መዶሻዋን ብድግ አድርጋ ወጣች። እሱም የተሰደበ መስሎ ከኋላዋ ተከተላት።

መዋዕለ ሕፃናቱ ሲደርሱ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደው ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ደረጃው ላይ በፈገግታ ተቀበሏቸው፤ ሁለተኛው ፎቅ ድረስም እየመሩ አወጧቸው። አጥሩ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። መጋጠሚያዎቹ በግራይንደር ተልገው እንደ መስታወት ለስልሰዋል።

«ወንድምሽ እጁ ይባረክ፤ እንዲህ ያማረ ሥራ አይቼ አላውቅም» አሉ።

«መምህር፣ ይህን የሰገነቱን በር ይቆልፉልኝ። ማንም እንዳይወጣ።»

«ምነው ልጄ፣ ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም» አለ ወንድሟ፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው እንጂ። እትዬ፣ እኔ ሰባ ኪሎ ነኝ። እኔን ከያዘ ሕፃን አይጥልም።»

ይህን ብሎ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጠና እጁን አጣምሮ ተደገፈ።

እሷ «ተው» ለማለት እንኳ አልደረሰችም። እጇ ግን ደርሶ ቀበቶውን ጨምድዶ ያዘ። ሦስተኛው ቋሚ ከሥሩ ከተበየደበት የብረት ላሜራ ላይ ጠቅ ብሎ ተነሳ፤ አራተኛው ተከተለው። አጥሩ ወደ ውጭ ዘመመና በአንድ ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀረ። የወንድሟ ትከሻ ከባዶው ግቢ በላይ አየር ላይ ነበር። እግሯን ከሰገነቱ ደፍ ጋር አጣብቃ፣ ጥርሷን ነክሳ ሳበችው፤ ሁለቱም ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አሉ።

ቋሚው የተነቀለበት ላሜራ ከፊታቸው ነበር። አንድም የቀለጠ ቦታ የለውም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ልሙጥ ነው። ወንድሟ በጣቱ ዳበሰው።

ርዕሰ መምህርቷ ሁለቱንም ወደ ውስጥ አስገቡና በሩን ቆልፈው ቁልፉን ከደረታቸው ሥር ሸጎጡ።

«ነገ ልጆቹ ሳይመጡ አውርደን እንወስደዋለን» አለች በያጇ። «ዳግም ሲበየድ እኔ ራሴ መለኪያዋ ሥር እቆማለሁ። እስከዚያ ልጆቹ ምድር ቤት ይዋሉ፤ ጥፋቱም የኔ ነው።»

ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።

«እትዬ፣ ቀበቶዬን ልቀቂኝ። ሰው እያየን ነው።»

«ይየን።»

መንገድ እስኪወጡ ድረስ አልለቀቀችውም።